የዳሌቻው ቀይ ድንጋይ

በዚያ በቆላው አገር ሽማግሌ ለጋብቻ ተልኮ ልጅቷን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ «ጨርሰናል» ብሎ ሲመለስ፣ ወይም ቤት ገዢ አዲስ የተቀባ ግድግዳ አይቶ ለቀብድ እጁን ኪሱ ሲከት፣ ከአጠገቡ ያለ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ጣል የሚያደርጋት አንዲት ቃል አለች። ሰሚው ሳቅ ይልና እጁን ከኪሱ ያወጣል። ቃሏ ስለ ድንጋይ ነች። የሚናገሯት ሰዎች ግን አብዛኞቹ በዕድሜያቸው ድንጋይ ገዝተው አያውቁም፤ ከየት እንደመጣችም ቢጠየቁ «አባቶች ያሉት ነው» ከማለት አያልፉም። አባቶች አይደሉም ያሉት። ነገሩ እንዲህ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ዘርጋው እንግዳሸት የሚባል የእምነበረድ ሠራተኛ ነበር። የደረጃ ንጣፍ፣ የመስኮት ደፍ፣ የመቃብር ሐውልት ይሠራል፤ ሥራው ንጹሕ ነው ተብሎ ከሩቅ ሁሉ ይፈለጋል። እሱ ግን ከእጁ ይልቅ በዓይኑ ይኮራ ነበር። ተቆርጦ የመጣለትን የድንጋይ ሰሌዳ ገና ከመኪና ሳይወርድ ከግቢው በር ላይ ቆሞ ያያል። «ያኛው ይውረድ፣ ይሄ ይመለስ» ይላል። ስቶም አያውቅም። ሰው ሲያደንቀው «ድንጋይም ሰውም ከፊቱ ይታወቃል» ይል ነበር። ልብ ያላለው ነገር ቢኖር፣ ዓይኑ የለመደው ሌላ ሰው ሰንጥቆ ውስጡን የገለጠውን ድንጋይ መሆኑን ነው። ከተራራ ተፈንቅሎ የወጣ፣ ቅርፊቱ ያልተነካ ጥሬ ድንጋይ ገዝቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ዳሌቻ ከምትባል መንደር ሦስት ሰዎች መጡ። ሁለቱ ወንዶች ናቸው። ሦስተኛዋ አደ ኩልሱማ የሚባሉ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ባልቴት ነበሩ። ወንዶቹ ዙሪያ ጥምጥም ሲናገሩ አደ ኩልሱማ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ባለፈው ዓመት የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ሰባት ሰው ተደርምሶበት ቀረ። ሁለቱ የእኔ ልጆች ናቸው፤ አብዲና ረመዳን። ውሃውን አግኝተውት ነበር። እኛ አሁን እሱን ነው የምንጠጣው።»

«ነፍስ ይማር» አለ ዘርጋው።

«ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚቆም ድንጋይ እንፈልጋለን። ቀይ ይሁን፤ ያወጡት አፈር ቀይ ነበር። የሰው ቁመት ይኑረው፤ ሰባቱም ስም ይጻፍበት። ደግሞ ተቀጣጥሎ እንዳይሆን። አንድ ድንጋይ ይሁን። አንድ ላይ ነው የሞቱት፤ አንድ ላይ ይሁኑ።»

ዓመቱ ሊሞላ ስድስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። ዘርጋው ያን ያህል ወፍራምና ረጅም ቀይ የግራናይት ሰሌዳ ተቆርጦ ገበያ ላይ እንደማይገኝ ያውቃል። «ጥሬውን ከተራራው አምጥቼ ራሴ እቆርጠዋለሁ» አላቸው። አደ ኩልሱማ እጁን ጨብጠው ትንሽ ያዝ አድርገው ቆዩና ሄዱ።

የድንጋዩ ቦታ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ የተቆለለበት፣ ሙቀቱ ከታችም ከላይም የሚመጣበት አገር። ሠራተኞች በመሰርሰሪያ ቀዳዳ እየደረደሩ፣ ሽብልቅ እየመቱ ተራራውን እንደ ዳቦ ቆርሰው ያወርዱታል። ባለቤቱ ዳምጠው የሚባል፣ ፊቱ ሁልጊዜ በድንጋይ ብናኝ የተቀባ የዘርጋው እኩያ ነበር። እዚያ ከሁሉ የቆዩት ሽብልቅ መቺ ደግሞ ኦቦ ሙሜ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። መዶሻውን ለሌሎች ከተዉ ቆይተዋል፤ አሁን ሥራቸው የቱ ጋ ይመታ የሚለውን በጣታቸው ማሳየት ነው።

ዘርጋው የተደረደሩትን ድንጋዮች ሲያይ ቅር አለው። ሁሉም ግራጫ፣ አቧራ የጠጡ፣ የታረዱ ዝሆኖች ይመስላሉ። ዳምጠው ፊቱን አይቶ ሳቀ።

«ቆይ፣ ልብሱን ላውልቅልህ» አለና ከበርሜል ውሃ ቀድቶ ትልቁ ላይ ቸለሰበት።

ድንጋዩ በራ። ከዚያ አቧራ ሥር የሮማን ፍሬ የመሰለ ቀይ ወጣ፤ መሐል መሐሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እንደ አዝሙድ የተበተነበት። ዘርጋው ቀልቡ ሄደ። የሰባቱ ስም እዚያ ላይ ተጽፎ ታየው፤ የሰዉም አድናቆት ጆሮው ውስጥ ገባ። በእጁ የያዘውን ትንሽ መዶሻ አንሥቶ በቅርቡ ያለውን ጠርዝ አንዴ መታ። እንደ ደወል ጮኸ።

«ይኸው ነው» አለ። «ስንጥቅ የለበትም አይደል?»

«እኔ አላየሁበትም» አለ ዳምጠው። ውሸት አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ኦቦ ሙሜ ከጥላ ተነሥተው መጡ። መዳፋቸውን እርጥቡ ድንጋይ ላይ አድርገው ዘርጋውን አዩት።

«ልጄ፣ አትቸኩል። ና፣ ከጥላው አረፍ እንበል። ትንሽ ፀሐይ ትምታውና...»

ዘርጋው ሰዓቱን አየ። ቀትር ሊሞላ ነው፤ የጫት ሰዓት። ሽማግሌው አብሯቸው ተቀምጦ እንዲቅም የፈለጉ መሰለው። ክሬኑን የተከራየው ለዚያ ቀን ብቻ ነው፤ የጭነት መኪናውም ሹፌር ጥሩንባ እየነፋ ነው።

«አባባ ሙሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለበርጫ ጊዜ የለኝም» አላቸው። በትሕትና ነው ያለው፤ ግን ከአፋቸው ነጥቆ ነው ያለው።

ኦቦ ሙሜ መዳፋቸውን ከድንጋዩ ላይ አንሥተው፣ ሽርጣቸው ላይ ጠርገው ወደ ጥላቸው ተመለሱ። ድንጋዩ ውሃው እየተንጠባጠበ ወደ መኪናው ወጣ። የአገሩ ነፋስና ፀሐይ መንገድ ላይ አደረቁት፤ ግን ሸራ ተጥሎበት ነበርና ማንም አላየውም።

መጋዙ ያን ድንጋይ አራት ቀን በላው። ቀንም ሌሊትም ውሃ እየፈሰሰበት ይፋጫል፤ ግቢው በቀይ ጭቃ ተሞላ። በአምስተኛው ቀን የስንዝር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ከመሐሉ ወጣ። ዘርጋው ጭቃውን በቧንቧ አጥቦ ለእቴነሽ አሳያት። እቴነሽ ስም ቀራጭ ናት። አባቷ በመቃብር ድንጋይ ላይ ሲጽፍ እያየች ያደገች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች።

«ያምራል» አለች። ቆይታ፣ ሰሌዳው መድረቅ ሲጀምር ጎንበስ አለች። «ይሄ ፀጉር ምንድን ነው?»

ከግራ ትከሻው ተነሥቶ ወደ ቀኝ ወገቡ የሚወርድ አንድ ጥቁር ክር ነበር። ከሩቅ አይታይም።

«የደም ሥሩ ነው» አለ ዘርጋው። «ግራናይት ሥር አለው።»

«ሥር የራሱ ቀለም አለው። ይሄ ቀለም የለውም፤ ሌላው ሲደርቅ እሱ እርጥብ ሆኖ ቀርቶ ነው።»

ዘርጋው ወደ ቤቱ ገብቶ ምሳውን በላ፤ ምን እንደበላ ግን አያውቅም። ያየውን አይቷል። ሌላ ድንጋይ ለማምጣት ጊዜው አጥሯል፤ ዳሌቻ ድረስ ሄዶ «ዓይኔ ሳተ» ማለቱ ደግሞ ከጊዜውም ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ የመጋዙን ቀይ ብናኝ ከማስቲሽ ጋር ለወሰ። ክሩን ከላይ እስከ ታች በስለት እየጠቀጠቀ ደፈነው። ሲደርቅ አለሰለሰው፣ ወለወለው። እቴነሽ በማግስቱ ስትመጣ ክሩ የለም። ሰሌዳውን አየች፣ ዘርጋውን አየች፣ መሮዋን አነሣች። ሰባቱን ስም ለመጻፍ አሥራ ስምንት ቀን ፈጀባት።

ከዳሌቻ ሰዎቹ ሊወስዱት የመጡ ዕለት ግቢው ሞላ። ሰሌዳው ተጋድሞ ነበር። አደ ኩልሱማ ማንበብ አይችሉም፤ እቴነሽ ጣታቸውን ይዛ «ይሄ ረመዳን ነው፤ ይሄ ደግሞ ከሥሩ አብዲ» እያለች በፊደሎቹ ውስጥ አስኬደቻቸው። ባልቴቷ ጣታቸውን ደጋግመው መለሱ። ከዚያ ክሬኑ ሰንሰለቱን ወጠረ፤ ሰሌዳው ራሱን ቀና አድርጎ ከመሬት ተነሣ። እቴነሽ እንዳይወዛወዝ ጎኑን ይዛ ነበር።

አንድ ድምፅ ተሰማ። ደረቅ ዱላ እንደ መስበር ያለ፣ ትልቅ ያልሆነ ድምፅ። እቴነሽ ድንጋይ ታውቃለችና ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ወደ ኋላ ዘለለች። የሰሌዳው ግማሽ ቆማ የነበረችበት ቦታ ላይ ወደቀ። መሬቱ ነዘረ። ሌላው ግማሽ ሰንሰለቱ ላይ ቀርቶ በቀስታ ይዞር ጀመር።

ከዳሌቻ ሰዎች አንዱ በክሬኑ ሹፌር ላይ ጮኸ። «ሰንሰለቱን አጥብቀህ ነው! አንተ ነህ የሰበርከው!» ሹፌሩ ከወንበሩ ወርዶ እየማለ ይገዘታል፤ የሚያምነው አልተገኘም። ሌላውም ሰው ወደ እሱ ዞረ።

ዘርጋው ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ይህንን ያውቃል። እቴነሽን አየ፤ ነጠላዋ ላይ የድንጋይ ብናኝ አለ። እሷ ደግሞ አላየችውም።

«ሰንሰለቱ አይደለም» አለ። «ድንጋዩ ሲመጣም ስንጥቅ ነበረው። እኔ አይቼዋለሁ። አይቼም በማስቲሽ ደፈንኩት።»

ጩኸቱ ቆመ። አደ ኩልሱማ ወደ ወደቀው ግማሽ ሄደው ቁጢጥ አሉ፤ ቅድም የተማሩትን ፊደል በጣታቸው ፈለጉ። አብዲ እዚያው ነበር። ቀና ብለው ሰንሰለቱ ላይ የሚዞረውን ግማሽ አዩ፤ ረመዳን ከላይ ቀርቷል።

«አንድ ይሁን ብዬህ ነበር» አሉ።

ዘርጋው አንገቱን ደፋ። «ሌላ አመጣለሁ። እንዲያው ጊዜው ቢያልፍም...»

«ጊዜው ይለፍ። እነሱ የትም አይሄዱም።» ተነሡና ቀሚሳቸውን አራገፉ። «ሌላውን ስትገዛ ግን እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

በሳምንቱ ሁለቱ በአንድ መኪና ተሳፍረው ወደ ድንጋዩ አገር ወረዱ። ዘርጋው ልቡ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻ ንዴት ለዳምጠው የተቀመጠች ነበረች፤ እንደደረሰ አፈሰሳት። «በውሃ ሸፍነህ ሸጥክልኝ!»

ዳምጠው አልተቆጣም። «ውሃውን ያፈሰስኩት ቀለሙን እንድታይ ነው፤ አየኸው። እስኪደርቅ ቆመህ ብታይ ማን ከለከለህ? እኔ አስቸኮልኩህ?»

ዘርጋው ወደ ጥላው ሄዶ ኦቦ ሙሜ ፊት ቆመ።

«አባባ፣ ያን ዕለት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ልነግርህ አፌን ከፈትኩ» አሉ ኦቦ ሙሜ። «አንተ ለበርጫ ነው አልክ። እኔ ጫት ከተውኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

አደ ኩልሱማ ከተዋወቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ ዘርጋው አየ። ባልቴቷ ሳይጋበዙ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጡ። ዳምጠው እንደ ልማዱ በባልዲ ውሃ ቀድቶ ሲመጣ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ይህን ሁሉ ልትደፋው ነው? ዳሌቻ ላይ ይሄ ለአንድ ቤት ለሁለት ቀን ይበቃል።»

ኦቦ ሙሜ ሳቁ። «እውነት ነው፤ ድንጋይ ጠጪ አይደለም፤ ከንፈሩን ማርጠብ ይበቃዋል» አሉና ጨርቅ ነክረው ለዘርጋው ሰጡት። «አንተ አርሰው። ዙሪያውን። ጀርባውንም አትርሳ።»

ዘርጋው የመጀመሪያውን ድንጋይ እንደ ሕፃን አጠበው። ያው ሮማን የመሰለ ቀይ ወጣ። «ይኸው ነው» ሊል ሲል አፉን ያዘ። ሽማግሌው ወደ ጥላው ጠሩት፤ ሦስቱም ተቀምጠው ድንጋይ ሲደርቅ አዩ። ዘርጋው ከዚህ በፊት ይህ ሰው ተቀምጦ የሚያየው ነገር ነው ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ቀዩ ከጠርዝ ጀምሮ እየሸሸ ሄደ፤ ግራጫው ተመለሰ። መጨረሻ ላይ ድንጋዩ ሁሉ ነጥቶ፣ ሆዱ ላይ አንዲት ጥቁር ክር ብቻ ቀረች። አልደርቅ አለች።

«ውሃ ወደ ውስጥ የገባበት ቦታ ነው» አሉ ኦቦ ሙሜ። «ሌላው ገላውን ተጠራርጎ ሲጨርስ እሱ ገና ይጠጣል። ድንጋይ ሕመሙን የሚናገረው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ካለፈች አለፈች።»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ ሲደርቅ ሦስት ክር ወጣበት። የሦስተኛው ፊት ለፊቱ ሲደርቅ ንጹሕ ሆነ፤ ጀርባው ላይ ግን አንድ ተገኘ። ዘርጋው ክሬኑን አሰናበተ። ሹፌሩን ወደ ቤቱ መለሰ። ሌሊቱን ከሠራተኞቹ ዳስ አደረ፤ አደ ኩልሱማም ከወጥ ቤቷ ሴትዮ ዘንድ አደሩ። አራት ቀን እንዲህ ሆነ፤ ያረጥባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ያያሉ፣ ይተዋሉ። በሁለተኛው ቀን ዘርጋው ሰዓቱን ማየት ተወ። በሦስተኛው ክሯን ከሽማግሌው በፊት አየና በጣቱ አመለከተ፤ ኦቦ ሙሜ ራሳቸውን ነቀነቁ። አደ ኩልሱማ ደግሞ በየመሐሉ ስለ ልጆቻቸው ያወሩ ነበር። ረመዳን ጨለማ ይፈራ ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርደው አብዲ ቀድሞ ከወረደ ብቻ ነው።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ላይ፣ ከሌሎቹ ትንሽ የሚያንስ፣ አንድ ጎኑ የተዛነፈ ድንጋይ ዙሪያውን ረጥቦ ዙሪያውን ደረቀ። የቀረ ክር የለም። ኦቦ ሙሜ ተነሥተው ዞሩት፤ ዘርጋውም በመዶሻው ከስድስቱም ወገን መታው። ከስድስቱም ወገን ያው ድምፅ ወጣ።

«አደ ኩልሱማ፣ ምን ይላሉ?» አለ።

ባልቴቷ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። «ይጫን» አሉ።

የዳሌቻው ድንጋይ ከቀኑ አንድ ወር ተኩል ዘግይቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ። እቴነሽ ሰባቱን ስም እንደገና ጽፋለች፤ ዘርጋው በሁለተኛው ጊዜ አጠገቧ ተቀምጦ መሮ ይስልላት ነበር። ከአካባቢው መንደሮች ብዙ ሰው መጣ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ከከተማም ቄስ መጥተው ጸለዩ። ከዚያ አንዲት ልጃገረድ የመንገዱን አቧራ ለማጠብ ከጉድጓዱ ቀድታ ድንጋዩ ላይ አፈሰሰችበት። ቀዩ ቦግ አለ። ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ «አቤት!» አለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

ከጎረቤት መንደር የመጣ፣ የግመል ነጋዴ የሆነ አንድ ደልዳላ ሰው እየተገፋፋ ፊት ወጣ። ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች አየ።

«እንዲህ ያለውን ይዛችሁ ነው ይህን ያህል ያስጠበቃችሁን?» አለ። «አራት ቀን ሙሉ ተራራ ላይ ተቀመጡ ሲሉ ሰማሁ። ይሄማ ምኑ ያስጠብቃል! እኔ ብሆን ውሃው እንደነካው ወዲያው ነበር የምገዛው።»

አደ ኩልሱማ ዓይናቸውን ከልጆቻቸው ስም ላይ ሳያነሡ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ መለሱለት፦

«ድንጋይ ሲርስ ይወደዳል፤ ሲደርቅ ይገዛል።»